ፖስታው ይቆረጥ ወይስ ይቀመጥ? እብጥ ቴምብር ያለባቸውን አሮጌ ፖስታዎች መለየትና መገመት

የአክስቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤቴ መጣ። ብብቱ ሥር የጫማ ካርቶን ይዟል። ካርቶኑ በአሮጌ ፖስታ ተሞልቷል። ከፖስታዎቹ ላይ ደግሞ መቀስ ተጋድሟል።

"ጋሼ፣ ቴምብሮቹን ቆርጠን እናውጣና አልበም ውስጥ እንደርድራቸው። ፖስታው ዝም ብሎ ቦታ ያጣብባል" አለኝ።

ቡናው ሳይፈላ መቀሱን ተቀበልኩት። ተቀበልኩት ብዬ ላሳምረው እንጂ ቀማሁት።

ልጁ ጥፋት የለበትም። ሰው "የቴምብር ዋጋ" ሲባል የሚታየው ያቺ ትንሿ ሥዕል ናት። ቴምብሩ ራሱ ፖስታው ላይ የታተመ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንዱን ከአንዱ ስናወዳድር ዋልን። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ የአያት ሳጥን ያለው ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ጻፍኩት።

የእኛ ሳጥን ታሪክ አጭር ነው። ቅድመ አያታችን ጨርቅ ከኤደን፣ ከየመኗ ወደብ፣ ያስመጣ ነበር። የተላኩለትን ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው አስቀመጠ፤ ልጆቹም የራሳቸውን ጨመሩበት። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ ሳጥኑን ያስታወሰው የለም። ስንመለስ ቤቱ ተበርብሯል፣ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ቴሌቪዥኑ ሄዷል። ፖስታዎቹን የፈለጋቸው የለም። አክስቴ አንድ በአንድ ለቅማ፣ አቧራውን አራግፋ፣ በዚያው የጫማ ካርቶን ኮምቦልቻ ወሰደቻቸው።

እብጥ ነው ወይስ መስሎ ነው?

የትምህርት ማስረጃህ ላይ ደረቅ ማኅተም ተመትቶ ካየህ እብጥ ቴምብር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ወረቀቱ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል። ልዩነቱ ቴምብሩ ላይ ቀለምም መኖሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ነጭ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ባለቀለም መደብ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ቀለሙ የሚያርፈው መደቡ ላይ ነው። የንጉሡ ራስ ግን የወረቀቱ ነጭ ነው።

ለማጣራት ፖስታውን ከውስጥ በኩል ተመልከት። ከፊት ያበጠው ከጀርባ ጎድጎድ ማለት አለበት። ካልታየህ ክፍሉን አጨልምና የስልክህን መብራት ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ በሚል ያህል ዝቅ አድርገህ አብራ። ጥላው ይነግርሃል። እርሳስ አትፈግፍግበት። አንዳንዱ ሰው እንደ ሳንቲም በእርሳስ ሊያወጣው ይሞክራል፤ እድፉ አይለቅም።

የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አጋጥመውናል። አንደኛው ፖስታው ክዳን ላይ የተመታ የላኪው ስም ወይም አርማ ነው። ያብጣል፣ ያምራል፣ ግን ቴምብር አይደለም፤ ዋጋ አልተጻፈበትም። ሁለተኛው ተቆርጦ የተለጠፈ ቴምብር ነው። ጠርዙን በጥፍርህ ሳይሆን በዓይንህ ተከተል፤ ከፖስታው የተለየ ወረቀት ከሆነ ከታተመበት ፖስታ ጋር አንድ አይደለም። ሦስተኛው ቀለሙ ራሱ ሲነካ የሚሻክር ህትመት ነው። እሱ ቀለም ተከምሮ ነው፤ ከጀርባው ጉድጓድ የለውም።

የጣሊያን ጊዜ ካርዶችም ከካርቶኑ ወጡ። ልጁ "እነዚህ ናቸው ውዶቹ" ብሎ ዓይኑ አበራ። ውድ ይሁኑ አይሁኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ወገን ግን አይደሉም። የወታደር ካርድ በነጻ ነበር የሚላከው፤ ቴምብር የሚባል ነገር የለበትም። ለብቻቸው አስቀመጥናቸው።

ከየት መጡ?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1840 ከመጀመሪያው ቴምብር ጋር ክፍያው አስቀድሞ የታተመበት ወረቀትና ፖስታ አወጡ። ሥዕሉ ሰማይ ምድሩን የሞላ ነበር፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ መርከብ፣ መላእክት የሚመስሉ በራሪዎች። ሕዝቡ ሳቀበት። በዓመቱ፣ በ1841፣ ያን ትተው የንግሥት ቪክቶሪያ ራስ ብቻ ያለበትን ሮዝ የ1 ፔኒ እብጥ ፖስታ አወጡ። የድሮዋ የጀርመኖች አገር ፕሩሲያ በ1851፣ አሜሪካ በ1853 ተከተሉ። የአሜሪካኑን ያተመው ኔስቢት የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነው።

ለምን እብጥ መረጡ ቢባል፣ ለማስመሰል ስለሚከብድ ነው። ቀለምን ቀድቶ ማተም ይቻላል፤ ወረቀቱን በዚያ ልክ የሚያነሳ ብረት መቅረጽ ግን የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝና የፕሩሲያ ፖስታዎች ወረቀቱ ውስጥ የሐር ክር ሳይቀር ነበረባቸው። አሮጌ ፖስታ አግኝተህ ወረቀቱ ውስጥ ቀጭን ባለቀለም ክር ሲያልፍ ካየህ ቁጭ በልና በደንብ መርምረው።

የእኛ አገር የፖስታ አገልግሎት የተቋቋመው በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነቶች ነበሩ፤ በአነስተኞቹ ዋጋዎች ላይ ንጉሡ፣ በከፍተኞቹ ላይ አንበሳው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ ስለማይሠራ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱም ቴምብር ያለበት ፖስታ ከሳጥንህ ከወጣ፣ እብጥ ባይሆንም፣ እባክህ መቀስ አታስጠጋው።

የተቆረጠው እና ያልተቆረጠው

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

ከካርቶኑ አንድ የህንድ ፖስታ ወጣ። አረንጓዴ የግማሽ አና እብጥ ቴምብር (አና የድሮ የህንድ ሳንቲም ነው)፤ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ራስ። አጠገቡ የ2 አና ቴምብር ተለጥፏል። ማኅተሙ የኤደን ነው፤ 1919 ይላል። ጀርባው ላይ የጅቡቲና የአዲስ አበባ ማኅተሞች አሉ። አድራሻው በፈረንሳይኛና በዓረብኛ፣ ለቅድመ አያታችን፣ "ደሴ፣ በአዲስ አበባ በኩል"።

የህንድ ፖስታ በኤደን ምን ይሠራል? ኤደን እስከ 1937 ድረስ የሚሠራው በህንድ ቴምብር ነበር። ግማሽ አና ለአገር ውስጥ ደብዳቤ ይበቃል፤ ለውጭ አገር የሚከፈለው ግን 2 አና ተኩል ነው። ስለዚህ ላኪው ባለግማሽ አናውን ፖስታ ገዝቶ የ2 አና ጨመረበት። ሒሳቡ ልክ ነው። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ደግሞ በበቅሎ። ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ከተሸነፉ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ማለት ይቻላል፤ ነጋዴው ግን ጨርቁን ያዝዛል። ይሄ ሁሉ አንድ ፖስታ ላይ ተጽፏል።

እንዲህ ዓይነቱ ፖስታ ሁለት ነበር። ወንድሙን እኔ በ10 ዓመቴ ቆርጬዋለሁ። ትምህርት ቤት ቴምብር መለዋወጥ ፋሽን ነበር። አረንጓዴዋን ራስ በክቧ ዙሪያ፣ መደቧን እየተከተልኩ፣ በጥንቃቄ ቆረጥኳት። የተረፈውን ወረቀት እናቴ ከሰል ማያያዣ አደረገችው። ያቺ ቁራጭ አሁንም አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት ከጎኑ አስቀመጥኳትና ለልጁ "አወዳድር" አልኩት።

ቁራጯ ላይ ያለው የንጉሥ ራስና የማኅተም ቅንጣቢ ነው። ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ በስንት፣ ለማን የሚለው ሁሉ የለም። የህንድ ግማሽ አና ፖስታ በሚሊዮን የታተመ ነገር ነው፤ ቁራጯን ሰው በነጻም ላይቀበል ይችላል። ሙሉው ፖስታ ግን ገዢው የሚፈልገው መንገዱን ነው፤ ኤደን–ጅቡቲ–አዲስ አበባ–ደሴ። ቴምብሩ የመንገዱ ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ ደረጃቸው እንዲህ ነው። ከሁሉ በላይ ማኅተሙ የሚነበብ፣ ጉዞውን ያደረገ ሙሉ ፖስታ። ቀጥሎ ያልተጻፈበት ሙሉ ፖስታ። ከዚያ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ሰፊ ጠርዝ ተትቶለት የተቆረጠ። ከሁሉ በታች እንደ እኔ በቅርጹ ዙሪያ የተቆረጠ።

አራት ማዕዘኑን ግን አትናቀው። ድሮ የአሜሪካና የአውሮፓ ሰብሳቢዎች አልበም እንዲበቃቸው ብለው ራሳቸው ይቆርጡ ነበር። አንዳንድ የጥንት ዓይነት ዛሬ በብዛት የሚገኘው በዚያ መልክ ነው፤ ካታሎግ የሚባሉት የቴምብር ዝርዝር መጻሕፍትም ለብቻው ዋጋ ያወጡለታል። ተቆርጦ ከደረሰህ ጠርዙን "ላስተካክለው" አትበል። በተለይ የላይኛው ቀኝ ጥግ የፖስታው የራሱ ጥግ ከሆነ ይፈለጋል። ያለውን ማቆየት አንድ ነገር ነው፣ አዲስ መቁረጥ ሌላ።

ንጹሑ እና የተጻፈበት፤ አሮጌው እና የባሰው አሮጌ

ልጁ ካርቶኑ ውስጥ ያማረውን መረጠ። ነጭ፣ እጥፋት የሌለው፣ የአብርሃም ሊንከን ራስ ያለበት የ5 ሳንቲም የአሜሪካ ፖስታ። "ይሄ ሰው አልነካውም፤ ይሄ ይበልጣል" አለ።

እሱን የተወልን ሰው በ1960ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ደሴ ያስተማረ የሰላም ጓድ፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ፣ መምህር ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ጓዶች ኢትዮጵያ የገቡት በ1962 ነው። መምህሩ ከአገሩ ይዞት መጣ፤ እዚህ አይሠራም፤ ትቶት ሄደ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም የ5 ሳንቲም የመላኪያ ክፍያ ሆኖ ያገለግላል። ሰብሳቢም ከዚያ ብዙ አርቆ አይገዛውም። ገና ብዙ አለ።

ታዲያ ንጹሕ መሆን ዋጋ የለውም? አለው። ዓይነቱ ራሱ ብርቅ ሲሆን፣ ወይም ሰው ሁሉ ገዝቶ ስለተጠቀመበት ንጹሑ ሲጠፋ። የተለመደ ዓይነት ሲሆን ግን ያልተላከው ፖስታ ባዶ ነው፤ የተላከው ነው የሚናገረው።

ዕድሜም እንዲሁ። ሮዙ የ1 ፔኒ የቪክቶሪያ ፖስታ ከእኛ የኤደኑ ፖስታ ብዙ ዓመት ይበልጣል። ግን እስከ ንግሥቲቱ ሞት፣ 60 ዓመት ያህል፣ በመልክም በዓይነትም ብዙ ሳይለወጥ ታትሟል። ከለንደን ማንቸስተር የሄደ ተራው ዓይነት ርካሽ ነው። 150 ዓመቱ ነው ብለህ ለሰው ብትነግር ያፏጫል፤ ገንዘብ ግን አያወጣም። አንድ ሰው አሮጌ ስለሆነ ብቻ ብዙ ዋጋ ከጠራልህ ቡናህን ጠጣና ተነሳ።

ዓመተ ምሕረቱን ስታነብም ተጠንቀቅ። ማኅተም ላይ 1919 ሲል የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1911 ወይም 1912። ልጁ መጀመሪያ በእኛው ቆጥሮ "የኃይለ ሥላሴ ጊዜ እኮ ነው" ብሎ ተከራከረኝ።

ወረቀቱ፣ ብረቱ፣ ቢላው

ይሄ ክፍል በተለይ የጥንት የአሜሪካ ፖስታ ላገኘ ነው፤ ሌላው ቢዘለው ቅር አይለኝም። እዚያ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ፖስታዎች በዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። በብርሃን አስተላልፈህ ስታየው ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ወረቀት አለ፤ ልሙጥም አለ። የውሃ ምልክት ካለው ፊደሎቹን ቅዳ፤ ብር ላይ እንደምታየው ዓይነት ነው። የቅርጽ ብረቱም ይለያያል። በመጀመሪያው የ3 ሳንቲም የዋሽንግተን ፖስታ ላይ ዋጋው የተጻፈባት መደብ ጫፏ ቀጥ ያለ፣ ጎበጥ ያለ ወይም ባለ ስምንት ማዕዘን ይሆናል፤ ርዝመቷም በሚሊሜትር ይለካል። ክዳኑ የተቆረጠበትን ቅርጽ ደግሞ ሰብሳቢዎቹ "ቢላ" ነው የሚሉት። ተገጣጥሞ የተለጠፈውን ፖስታ ለማየት ብለህ አትፍታው። ማስመሪያ፣ ጥሩ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል።

ካታሎግ ወይስ የተሸጠበት ዋጋ?

ሁለቱንም ያዝ፤ ግን ለተለያየ ሥራ።

ካታሎግ የሚጠቅመው ለመለየት ነው። የአሜሪካኑ ስኮት እነዚህን ፖስታዎች በራሱ ፊደል፣ "ዩ" ብሎ፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የተቆረጠውንና ሙሉውንም ለየብቻ ያስቀምጣል። የጀርመኑ ሚሼል ለአውሮፓ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ካወቅህ ከማንም ጋር መነጋገር ትችላለህ። የተጻፈው ዋጋ ግን ንጹሕ ለሆነ ዕቃ ነጋዴ የሚጠይቀው እንጂ ለአንተ የሚከፍልህ አይደለም። ጥግ የተቀደደ፣ ምስጥ የቀመሰው፣ መሐል ለመሐል የታጠፈ ሲሆን ደግሞ በጣም ይወርዳል።

ለዋጋ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ "የተሸጡ" የሚለውን ምረጥና ፈልግ። ለሽያጭ የተለጠፈው ምኞት ነው። ሰው 500 ዶላር ብሎ ለሦስት ዓመት ሊያንጠለጥለው ይችላል፤ ያ ዋጋ አይባልም።

ለመሸጥ ካሰብክ አዲስ አበባ ያሉት ቴምብር ነጋዴዎች ፈጣን ናቸው፤ በአንድ ቀን ብር ይዘህ ትመለሳለህ። ግን ጠቅላላውን ካርቶን በአንድ ዋጋ ሲጠይቁህ እሺ አትበል። እኔ አንድ ጊዜ ብያለሁ። ውስጡ ምን እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ሱቁን አልጠራውም፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ሁለተኛው መንገድ ውጭ ባለ ዘመድ በኩል በጨረታ ማቅረብ ነው፤ ይዘገያል፣ ኮሚሽን አለው፣ እንደ ኤደኑ ላለ ፖስታ ግን የሚሻለው እሱ ነው። የሚወዳደሩት ገዢዎች ያሉት እዚያ ነው። አሮጌ ሰነድ ከአገር ከማውጣትህ በፊት ግን የቅርስ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቅ። ኬላ ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ከመሸጥህ በፊት አዲስ አበባ ከሄድክ ዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የፖስታ ሙዚየም እይ። የምኒልክን ቴምብሮች በዓይንህ ካየህ በኋላ ሰው በቀላሉ አያታልልህም። የጥንት የኢትዮጵያ ቴምብሮች ላይ በኋላ የተመቱት ጽሑፎች ብዙ የሐሰት አምሳያ አሏቸው፤ ማኅተምም በሐሰት ይሠራል።

ደሴ ማስቀመጥና ኮምቦልቻ ማስቀመጥ

የደሴ ጉም ለወረቀት ጠላት ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ሲሸፈን ግድግዳው ያልበዋል፤ ፖስታ ደግሞ ክዳኑ ላይ ሙጫ አለው፣ እርጥበት ሲያገኝ ራሱን ያሽጋል። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፤ እዚያ የምፈራው ምስጥና መስኮት ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ ነው። ለዚህ እንኳ ኮምቦልቻ ይሻላል፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ።

ላሚኔት አታስደርግ። ይሄን ደግሜ ልበለው፤ አታስደርግ። እዚህ አገር የከበረ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ የልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ። ሙቀቱና ጭነቱ እብጡን ድምጥማጡን ያጠፋዋል፤ ከዚያም ማንም አይገዛውም። ስኮችም አትለጥፍ። ከባድ መጽሐፍ ወይም አልበም ሥር አታስተኛው፤ ያበጠው ቀስ በቀስ ይተኛል። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክም ይቅር። ነጭ ወረቀት በመሐል እያደረግህ፣ ካርቶን ውስጥ እንደ ፋይል አቁመው። የጫማ ካርቶኑ መጥፎ አልነበረም።

ማታ ላይ ልጁ ፖስታዎቹን በሦስት ከፈላቸው። የሊንከኑን ለራሱ ወሰደ፤ ወደደው፣ ምን አገባኝ። የጣሊያኖቹን ካርዶች አክስቴ ትይ ብሎ ለየ። የኤደኑን ፖስታ በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል አድርጎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠው እየሮጠ ወረደ።

መቀሱን ረስቶታል። እኔም አላስታወስኩትም።